የጥፍር ማሽን ቢት አመራረጥና አጠቃቀም፦ በደንበኛዬ ጥፍር ላይ ቀይ መስመር ታየ

ጥያቄ፦ ከየካ አባዶ

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ በተከራየኋት ጠባብ ክፍል ጥፍር መሥራት ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አሮጌውን ጄል (በመብራት የሚደርቅ የጥፍር ሽፋን) የማነሳው ጥጥ በአሴቶን ነክሬ፣ ጥፍሩን በፎይል ጠቅልዬ፣ ሲለሰልስ በእጅ ፋይል እየፋቅሁ ነበር። ይህ አሠራር ብዙ ጊዜ ስለሚወስድ፣ በተለይ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተራ የሚጠብቁ ደንበኞች ሰልችቷቸው ይሄዱብኛል። ስለዚህ ባለፈው ወር መርካቶ ወርጄ በደቂቃ እስከ 35,000 ዙር ይሽከረከራል የተባለ የጥፍር ማሽን ገዛሁ። ከማሽኑ ጋር ስድስት ቢቶች፣ ማለትም ማሽኑ ጫፍ ላይ እየተሰኩ የሚሽከረከሩ መፋቂያዎች፣ በአንዲት የላስቲክ ሣጥን ተደርድረው ተሰጡኝ፤ የትኛው ለምን እንደሚያገለግል ግን የሚገልጽ ወረቀት አልነበረውም፤ ሻጩም ሊነግረኝ አልቻለም።

ባለፈው ሐሙስ አንዲት ደንበኛዬ የእህቷ ሠርግ ስለደረሰ አሮጌውን ጄል አንስቼ አዲስ እንድሠራላት መጣች። ከሣጥኑ ውስጥ ጥርሱ ጎላ ጎላ ያለውን የብረት ቢት መርጬ፣ ፍጥነቱንም ከግማሽ በላይ አድርጌ ጀመርኩ። አውራ ጣቷ ላይ ስደርስ «አቃጠለኝ» ብላ እጇን ሳበች። ማሽን ስላልለመደች የፈራች መስሎኝ አረጋግቼ ቀጠልኩ። ጄሉ ተነስቶ ሲያልቅ በአውራ ጣቷና በቀለበት ጣቷ ጥፍር ላይ፣ ከሥሩ ቆዳ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ እንደ ጨረቃ የታጠፈ ቀይ መስመር ይታይ ነበር። በማግስቱ ደውላ ዕቃ ስታጥብ ሙቅ ውኃ ሲነካት እንደሚያማት ነገረችኝ። ቀን ሙሉ ሥራ መሥራት አልቻልኩም፤ ያመነችኝን ሰው እንደጎዳሁ ይሰማኛል።

ለመሆኑ ጉዳቱ የመጣው ከቢቱ ነው ወይስ ከፍጥነቱ? ለጄል፣ ለአክሬሊክ (ከዱቄትና ከፈሳሽ ተቀላቅሎ ለሚሠራ ጠንካራ ሰው ሠራሽ ጥፍር) እና ለራሱ ለጥፍሩ የሚሆኑት ቢቶችስ በምን ይለያሉ? በመጨረሻም ቢቶቹን ከደንበኛ ወደ ደንበኛ ስሸጋገር በፈላ ውኃ ቀቅዬ በረኪና ውስጥ እዘፈዝፋቸው ነበር፤ ሁለቱ ዝገው አገኘኋቸው። ትክክለኛውን አሠራር የምታውቁ ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦ ከአያት፣ የጥፍር ባለሙያ

እህቴ፣ መጀመሪያ ጥያቄውን ሳትሸፋፍኚ ስላቀረብሽ ደስ ብሎኛል። ያየሽው ቀይ መስመር በእኛ ሥራ በጣም የታወቀ ጉዳት ነው። የጥፍር ውፍረት ግማሽ ሚሊሜትር አካባቢ ብቻ ነው። ቢቱ ወደ ሥሩ ቆዳ ሲጠጋ ጫፉ ወደ ታች ካዘነበለ በአንድ ቦታ ላይ ቦይ ይቆፍራል፤ በዚያ ቦታ ጥፍሩ ስለሚሳሳ ከሥሩ ያለው ደም ያለበት ሥጋ በመስመር መልክ ቀልቶ ይታያል። ሙቅ ውኃ ሲነካት የሚያማትም መከላከያዋ ስለሳሳ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የቢቱ ብቻ ወይም የፍጥነቱ ብቻ አይደለም። ቢቱ ለቦታው ሻካራ ነበር፣ አያያዝሽ ያዘነበለ ነበር፣ ደንበኛዋ «አቃጠለኝ» ስትልሽ ደግሞ አላቆምሽም። ከሦስቱ ይበልጥ የምጠነቀቀው ለመጨረሻው ነው፤ ደንበኛ ሙቀት ተሰማኝ ካለች እጅ ወዲያውኑ ከጥፍሩ መነሳት አለበት።

ወደ ቢቶቹ ስመጣ፣ የመጀመሪያው መለያ የተሠሩበት ነገር ነው። ካርባይድ የሚባለው ጥርስ የተቆረጠበት ጠንካራ ብረት ሲሆን አክሬሊክንና ጄልን እየላጠ ያነሳል፤ የሚወጣው ብናኝም ደቃቅ ዱቄት ሳይሆን ፍርፋሪ ይመስላል። ሴራሚክም እንደዚሁ ጥርስ ያለው ሆኖ ነጭ ወይም ባለ ቀለም ነው፤ ብዙ ባለሙያዎች ሙቀቱ ቀለል ይላል ብለው ይመርጡታል፣ ነገር ግን ወለል ላይ ከወደቀ ይሰበራል ወይም ጥርሱ ይሸረፋል። እነዚህ ሁለቱ ሰው ሠራሽ ነገር ለማንሳት የተሠሩ ናቸውና የተፈጥሮ ጥፍርን በፍጹም መንካት የለባቸውም። ዳይመንድ የሚባለው ጥርስ የለውም፤ በብረት ላይ የተጣበቁ ደቃቅ የአልማዝ ቅንጣቶች አሉት፤ እየቆረጠ ሳይሆን እየፋቀ ይሠራል። ከጥፍሩ ላይ የተጣበቀውን የደረቀ ቆዳ ለማንሳትና ዙሪያውን ለማጽዳት የምንጠቀመው ይህንን ነው፤ እሱም ቢሆን ቀጫጭኑንና ለስላሳውን።

ሁለተኛው መለያ በአንገቱ ላይ ያለው የቀለም ቀለበት ነው። በአብዛኛው ቢጫ እጅግ ለስላሳ፣ ቀይ ለስላሳ፣ ሰማያዊ መካከለኛ፣ አረንጓዴ ሻካራ፣ ጥቁር ደግሞ እጅግ ሻካራ ማለት ነው። ፋብሪካዎች ሁሉ ይህንን በአንድ መልክ ስለማይከተሉ ቀለሙን አይተሽ ብቻ አትመኚ፤ በአሮጌ ቲፕ (ሰው ሠራሽ የፕላስቲክ ጥፍር) ላይ አስቀድመሽ ሞክሪው። በተፈጥሮ ጥፍርና በቆዳው አጠገብ ከቀይ በላይ የሻከረ ነገር አታስጠጊ። አንቺ የተጠቀምሽበት ጥርሱ የጎላው ቢት፣ እንደ ገለጻሽ፣ ወፍራም አክሬሊክ ለማሳጠር የሚያገለግል ይመስለኛል።

ሦስተኛው ቅርጹ ነው። በርሜል የሚመስለው ለጥፍሩ ገጽ ይሆናል፤ ስትገዢ ግን አናቱ ክብ የሆነውን ምረጪ፤ አናቱ ጠፍጣፋና ጠርዙ ስል ከሆነ ያንን ቀይ መስመር የሚቆፍረው ጠርዙ ነው። እንደ ሻማ ነበልባል የሾለው ዳይመንድ በቆዳውና በጥፍሩ መካከል ያለውን ለማጽዳት፣ ትንሽዋ ክብ ደግሞ የተነሳውን ደረቅ ቆዳ ለማስወገድ ናቸው። ለጀማሪ አራት ጥሩ ቢቶች ከሃያ ርካሽ ቢቶች ይበልጣሉ፦ አናቱ ክብ የሆነ መካከለኛ ካርባይድ ወይም ሴራሚክ፣ ለማለስለስ ሌላ ለስላሳ፣ ቀይ ባለ ነበልባል ዳይመንድና ትንሽ ክብ ዳይመንድ።

ስለ ፍጥነት፣ 35,000 የሚለው ቁጥር የማሽኑ አቅም ነው፤ አንቺ የምትሠሪበት አይደለም። እኔ በቆዳው ዙሪያ ከ3,000 እስከ 6,000 ዙር፣ ጄል ሳነሳ ከ10,000 እስከ 15,000 ዙር ባለው መካከል እሠራለሁ፤ ወፍራም አክሬሊክ ሲሆን ትንሽ ከፍ አደርገዋለሁ። ፍጥነቱን በጣም ማውረድም ችግር አለው፤ ቢቱ መቁረጥ ሲያቅተው ሰው መጫን ይጀምራል፣ ሙቀቱን የሚፈጥረው ደግሞ መጫን ነው። ጆሮሽን ተጠቀሚ፤ የማሽኑ ድምፅ እየወረደ ሲያጉረመርም እየተጫንሽ ነውና እጅሽን አቅልዪ። ቢቱን ከጥፍሩ ገጽ ጋር አግድም አድርገሽ በሆዱ ሥሪ፤ አንድ ቦታ ላይ ሳታቆሚ እንደ ላባ እየነካሽ እለፊ። ትንሿን ጣትሽን በሌላኛው እጅሽ ወይም በደንበኛዋ ጣት ላይ ካላሳረፍሽ እጅሽ መንቀጥቀጡ አይቀርም።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ፤ ጄሉን ሙሉ በሙሉ በማሽን ማንሳት አያስፈልግም። ቀለሙ አልቆ ስስ የሆነው የመሠረት ጄል ሲቀር አቁሚ። አዲስ ጄል የምትሠሪ ከሆነ በዚያው ላይ መሥራት ይቻላል፤ ሙሉ በሙሉ እንዲነሳ ከተፈለገ ደግሞ የቀረውን በለመድሽው አሴቶንና ፎይል አንሺው። አሁን ውፍረቱ ስለተቀነሰ ቶሎ ይለሰልሳል። የብናኙን መልክ እያየሽ ከሠራሽም አትሳሳቺም፤ ባለ ቀለሙ ብናኝ አልቆ መልኩ ሲቀየር ገጹን በብሩሽ ጠርገሽ በመብራት አዘንብለሽ እዪው፤ ጄሉ ያብረቀርቃል፣ ጥፍሩ ግን ፈዘዝ ይላል።

ለተጎዳችው ደንበኛሽ ጥፍሯን አሳጥረሽ ዘይት ቀቢላት፤ በሳሳው ቦታ ላይ ፋይልም ሆነ ማሽን አታሳርፊ። ጄል በመብራት ሲደርቅ ራሱ ሙቀት ስለሚያወጣ በሳሳ ጥፍር ላይ ያቃጥላልና ለጊዜው አትሥሪላት። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊሜትር ያህል ስለሚያድግ መስመሩ ወደ ጫፍ እየተገፋ ይሄዳል፤ ከሥሩ እስከ ጫፉ ለመታደስ ግን ስድስት ወር ገደማ ይፈልጋል። ይህንን ሳትደብቂ ንገሪያት።

መልስ 2፦ ከገላን፣ የጥርስ ላቦራቶሪ ቴክኒሺያን

ሙያዬ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ቢሆንም የምንጠቀምባቸው መሣሪያዎች የቅርብ ዘመዳሞች ስለሆኑ ጥቂት ልጨምር። የአብዛኛው የጥፍር ማሽን ቢት ዘንግ ውፍረቱ 2.35 ሚሊሜትር ነው፤ በእኛ ላቦራቶሪ የምንሠራባቸው የእጅ ማሽን ቢቶችም ዘንግ ይኸው ነው። በዕቃ መሸጫ ሱቆች የሚገኙ ለእንጨትና ለብረት መቅረጫ የሚሆኑ ቢቶች ግን 3.2 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆኑ አይገቡም፤ ቢገቡ እንኳ ለሰው ጥፍር የተሠሩ አይደሉም። ስለዚህ ሲገዙ ልኩን ይጠይቁ።

ከሁሉም በላይ ግን ቢቱ ቀጥ ያለ መሆኑን ሳያረጋግጡ ሰው ላይ አያሳርፉት። ዘንጉን እስከ መጨረሻው አስገብተው ማሽኑን ቆልፈው በዝቅተኛ ፍጥነት ያስነሱትና ጫፉን በጥቁር ጨርቅ ፊት ለፊት አድርገው ይመልከቱት። ቀጥ ያለ ቢት የቆመ ያህል አንድ ሆኖ ይታያል፤ የተጣመመ ከሆነ ግን ጫፉ ሁለት መስሎ ይደበዝዛል፤ እጅዎም ንዝረቱን ይሰማዋል። ንዝረት ማለት በያንዳንዱ ዙር ጥፍሩን አንድ ጊዜ መምታት ማለት ነው፤ በ15,000 ዙር ይህ በሴኮንድ 250 ምት ነው። አንዱ ቢት ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ቢቱን ይጣሉት፤ ሁሉም የሚንቀጠቀጡ ከሆነ ግን ችግሩ በእጀታው ውስጥ ያለው ቢቱን ነክሶ የሚይዘው ክፍል ነው።

ስለ ፍጥነት የተሰጠው ምክር ትክክል ነው፤ አንድ ነገር ግን ይታሰብበት። ጥፍሩ የሚሰማው የዙሩን ብዛት ሳይሆን የቢቱ ገጽ የሚሮጥበትን ፍጥነት ነው። በ20,000 ዙር ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር የሆነ በርሜል ገጹ በሴኮንድ 6.3 ሜትር ያህል ሲሮጥ፣ 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቢት በዚያው ዙር 2.1 ሜትር ብቻ ይሮጣል። ስለዚህ ከቀጭን ቢት ወደ ወፍራም ሲቀይሩ ፍጥነቱን ዝቅ ማድረግ አይዘንጉ። የደነዘዘ ቢትም ከስሉ ይበልጥ አደገኛ ነው፤ ስለማይቆርጥ ይሞቃል፣ ሠራተኛውም ይጫነዋል።

ዝገቱን ያመጣው በረኪናው ነው። በረኪና የዘንጉን ብረት ይበላል፤ የካርባይዱን ቅንጣቶች አያይዞ የያዘውን ብረትም ያዳክማል። የዛገ ቢት እጀታው ውስጥ ሊጣበቅና ማሽኑንም ሊያበላሽ ይችላልና ሁለቱን ያስወግዷቸው።

መልስ 3፦ ከለገ ጣፎ፣ ነርስ

የቢት አመራረጡን ለባለሙያዎቹ ትቼ በመጨረሻው ጥያቄዎ ላይ ላተኩር፤ ምክንያቱም ቀይ መስመሩ በስድስት ወር ይጠፋል፣ በቢት የሚተላለፍ የጉበት ቫይረስ ግን ዕድሜ ልክ ሊከተል ይችላል። ሄፓታይተስ ቢ ከሰውነት ውጭ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ ለ7 ቀናት መተላለፍ የሚችል ሆኖ ይቆያል፤ በዓይን የማይታይ የደም ቅንጣት ይበቃዋል። ቢት ደግሞ በጥርሶቹና በቅንጣቶቹ መካከል ቆዳና ብናኝ የሚይዝ ዕቃ ነው።

በፈላ ውኃ መቀቀል ከጀርሞች ብዙዎቹን ቢገድልም ማምከን፣ ማለትም ጀርምን ሁሉ ፈጽሞ ማጥፋት፣ አይባልም። የእኛ አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውኃው የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ድስቱ ቢንተከተክም ከዚያ አያልፍም። ስፖር የሚባሉት ጠንካራ ሽፋን ያላቸው የባክቴሪያ ዘሮች ይህንን ይቋቋማሉ። በሳሎኖች «ስቴሪላይዘር» እየተባለ የሚሸጠው ሰማያዊ መብራት ያለው ሣጥንም መብራቱ ያልነካውን የቢቱን ጎን አያጸዳም፤ ንጹሕ ዕቃ ማስቀመጫ ቢሆን እንጂ ማምከኛ አይደለም። የጋለ የመስታወት ጠጠር ያለበትን ትንሽ ድስትም አልመክርም፤ ሙቀቱ በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም፤ ከጠጠሩ በላይ የቀረው ዘንግም አይመክንም።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ቢቱን እንደጨረሱ በለስላሳ ብሩሽ ከውኃና ከሳሙና ጋር ውኃው ውስጥ አጥልቀው ይቦርሹት፤ በአየር ላይ ከቦረሹት ብናኙ ወደ ፊትዎ ይበተናል። የጄል ቅሪት ከተጣበቀበት አሴቶን ያላቅቀዋል። ከዚያ ያለቅልቁት፤ በደንብ ያድርቁት፤ ለብረት ዕቃ የተዘጋጀ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ውስጥ በመመሪያው ላይ ለተጻፈው ደቂቃ ያህል ይዝፈዝፉት። በመጨረሻ ብቃት ያለው አውቶክሌቭ (በግፊት በታመቀ እንፋሎት የሚያመክን መሣሪያ) ቢገኝ በ121 ዲግሪ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ፣ በደረቅ ሙቀት ምድጃ ከሆነ ደግሞ በ160 ዲግሪ ለሁለት ሰዓት ያህል ይመክናል። ዋጋው ለአንድ ሰው ከከበደ በአንድ ሕንፃ ላይ የሚሠሩ ሦስት አራት ባለ ሱቆች ተዋጥተው አንድ መሣሪያ ሊገዙ ይችላሉ። መሣሪያው እስኪገኝ ግን ቆዳ የሚነካውን ዳይመንድ ቢት ባይጠቀሙ፣ ወይም ለዘወትር ደንበኞች ለእያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቢት ስማቸው በተጻፈበት ዕቃ ቢያስቀምጡ እመርጣለሁ።

በቢት ላይ የሚጠለቁት የብርጭቆ ወረቀት ቀለበቶች በምንም መንገድ አይጸዱምና ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ተጠቅመው ይጣሏቸው። እርስዎም የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ካልወሰዱ ይውሰዱ፤ ሦስት ጊዜ የሚሰጥ ሲሆን የተለመደው አሰጣጥ ከመጀመሪያው በኋላ በአንድ ወርና በስድስት ወር ነው። ደንበኛዋ የስኳር ሕመም እንዳለባትም ሳያፍሩ ይጠይቁ፤ ትንሽ ጭረት በእሷ ላይ ለመዳን ያስቸግራል። ክፍልዎ ጠባብ ነው ስላሉም መስኮቱን ከፍተው፣ ደቃቅ ብናኝ የሚያስቀር ማስክ አድርገው ይሥሩ። ተራው የጨርቅ ማስክ የጄልን ብናኝ አያቆምም።

ምላሽ፦ ከየካ አባዶ፣ ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ስድስቱንም ቢቶች በጥቁር ነጠላ ፊት ለፊት አስነስቼ አየኋቸው፤ ያ ሻካራው ብረት ጫፉ ሁለት ሆኖ ይታያል፣ አናቱም ጠፍጣፋ ነው። ከሁለቱ ከዛጉት ጋር አስወገድኩት። ደንበኛዬ ዘንድም ሄጄ ጥፍሯን አሳጠርኩላት፤ ስድስት ወር እንደሚፈጅ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና ለሠርጉ ሂና እንደምትቀባ ነገረችኝ።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። በእጀታው ላይ ፎርዋርድና ሪቨርስ የሚል፣ ቢቱ የሚሽከረከርበትን አቅጣጫ የሚገለብጥ መቀየሪያ አለ። ቢቱ አንዳንድ ጊዜ እጄን እየሳበ ወደ ቆዳው ይሮጥብኛል። ይህ ከአቅጣጫው ጋር ይያያዛል?

መልስ 1፦ ከአያት፣ የጥፍር ባለሙያ

አዎ፣ በትክክል ይያያዛል። በቀኝ እጅሽ የምትሠሪ ከሆነ ፎርዋርድ ላይ አድርገሽ ከቀኝ ወደ ግራ ሂጂ፤ ከግራ ወደ ቀኝ መሄድ ሲኖርብሽ ሪቨርስ አድርጊው። እጅሽ ከቢቱ መሽከርከር በተቃራኒ ሲሄድ ቢቱ ይታዘዝልሻል፤ አብረሽው ከሄድሽ ግን እንደ ጎማ ይንከባለልና እጅሽን ይዞ ወደ ቆዳው ይወጣል። አቅጣጫ ከመቀየርሽ በፊት ማሽኑ ፈጽሞ መቆም አለበት። ዳይመንድ ጥርስ ስለሌለው በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል፤ ካርባይድ ስትገዢ ግን ጥርሱ እርስ በርሱ የተቋረጠውን፣ በሁለቱም በኩል የሚቆርጠውን ጠይቂ። ግራኝ ከሆንሽ አቅጣጫው ሁሉ ይገለበጣል፤ ለፎርዋርድ የተሠራ፣ በአንድ በኩል ብቻ የሚቆርጥ ቢትም ሪቨርስ ላይ አያገለግልሽም።

ሰው ላይ ከመመለስሽ በፊት ግን ቲፕ በእንጨት ላይ አጣብቂና ሁለት ዓይነት ቀለም ደራርበሽ ቀቢው፤ ከላይ ቀይ፣ ከሥሩ ነጭ። ቀዩን ብቻ አንስተሽ ነጩን ሳትነኪ መጨረስ እስክትችዪ ድረስ በየምሽቱ ተለማመጂ። እኔ ሃያ ያህል ቲፕ ካበላሸሁ በኋላ ነው እጄ የተስተካከለው። መብራት ጠፍቶብሽ በባትሪ የምትሠሪ ከሆነ ደግሞ ባትሪው ሲደክም ማሽኑ ኃይል ያጣና ሳታውቂው መጫን ትጀምሪያለሽ፤ ድምፁ ሲደክም ሥራውን አቋርጠሽ የቀረውን በእጅ ፋይል ጨርሺ።